የቤታችንን ፎቶ እንዴት እንዳደራጀሁት

መዝገብ ቤት የሠራን ሰዎች አንድ በሽታ አለብን፤ የተዝረከረከ ነገር ስናይ እጃችንን ይበላናል። እኔ እንጅባራ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት ፋይል ስደረድር ጎልምሻለሁ። ለቅሶ ቤት ገብቼ በር ላይ የተከመረ ዣንጥላ ካየሁ፣ በቁመት በቁመቱ ካልደረደርኩ እንባ አይመጣልኝም። ባለቤቴ ከጓዳዋ ካባረረችኝ ቆይቷል። አንድ ቀን ቅመሞቿን በፊደል ተራ አስተካክዬ ባስቀምጥላት፣ እጇ በለመደው ቦታ በርበሬ ብላ ያነሳችው ቀረፋ ሆኖ እንግዳ ፊት ተዋርዳለች። ይህን የምነግራችሁ እንድትስቁልኝ ብቻ አይደለም። ተከሳሽ ፍርድ ቤት ሲቆም መጀመሪያ የጤና ማስረጃውን ያቀርብ የለ? እኔም ማስረጃዬን ማቅረቤ ነው።

እናቴ ዳንግላ ነበር የምትኖረው፣ እታለም ከምላት ከታላቅ እህቴ ቤት ጀርባ። ጉልበቷ እየደከመ፣ የቤቱም ጣራ እየደከመ ሲመጣ እኔ ጋ እንጅባራ እንድትገባ ተስማማን። ስለ አልጋው አልተነጋገርንም። ስለ ሁለቱ በጎችም፣ ስለ ጓሮው ጌሾም አንዲት ክፉ ቃል አልወጣም። የተጣላነው በፎቶው ነው።

ፎቶ ስል አንድ ፎቶ አይደለም። በዋናው ክፍል ግድግዳ ላይ የበር ግማሽ የሚያህል ባለመስታወት ፍሬም ተሰቅሎ ነበር። እዚያ ውስጥ ዘመዱ ሁሉ ታጭቋል። ሠርጉ፣ ክርስትናው፣ የስምንተኛ ክፍል ጉርድ ፎቶው፣ የማን እንደሆነ ማንም የማያውቀው ባለባርኔጣ ሰውዬ ሳይቀር። ቦታ በጠበበ ቁጥር አዲሱ ሰው በአሮጌው ሰው ጉልበት ላይ ይደረባል። አንዲት አክስቴ በሦስት የልጅ ልጆቿ ተሸፍና የሚታየው ነጠላዋ ብቻ ነበር።

ከሁሉም መሐል፣ ማንም ያልተደረበበት፣ ታላቅ ወንድሜ አንማው ነበር። አንማው ወታደር ሆኖ ሄዶ አልተመለሰም። መርዶው በወረቀት መጣ። አስከሬን የለ፣ መቃብር የለ። ሌላው ሰው በሙት ዓመቱ የሚቆምበት አፈር አለው፤ እናቴ ያላት መዳፍ የማታህል ጥቁርና ነጭ ፎቶ ናት። ስለዚህ ጠባችን የወረቀት ጠብ አልነበረም።

እታለም ፎቶው ከኔ ዘንድ ይቅር አለች። አንማውን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ መስታወቱንም በየሳምንቱ የምትወለውለው እሷው ናት። እኔ ደግሞ እናት ያለችበት ፎቶው ይሄዳል አልኩ። ከዚያ ሁለቱ ወደ አዊኛ ተሻገሩ። እናቴና እህቴ እኔን ማማት ሲያምራቸው እንዲያ ነው የሚያደርጉት፤ ትምህርት ቤት በአማርኛ ስለዋልኩ የማልሰማ ይመስላቸዋል። እውነት ነው፣ ለሰላምታ የሚሆን አዊኛዬ ደካማ ነው። ስድብ ግን አንድም አያመልጠኝም።

እንዲህ ስንነታረክ ነው የመሥሪያ ቤታችን የኮምፒውተር ባለሙያ ስለዚያ ሶፍትዌር የነገረኝ። ያኔ ስማርት ስልክ የሚይዙት ገና ኃላፊዎች ብቻ ነበሩ፤ እኔ ግን አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነበረኝ። አሮጌ ፎቶ ስካን አድርገህ ታስገባለታለህ፣ እሱ ራሱ ፊት እያየ ይለያል፣ በየስሙ ያስቀምጣል፣ የተደጋገመውን ያስወግዳል አለኝ። ለመዝገብ ቤት ሰው "የተደጋገመውን ያስወግዳል" ብሎ መናገር በፍልሰታ ጾም ጥብስ እንደ ማሽተት ነው። እዚያው በፍላሽ አስገለበጥኩ።

ለእታለም ደውዬ ጠቡ አለቀ አልኳት። ፍሬሙን ለሁለት መሰንጠቅ አይቻልም፤ ኮምፒውተር ግን አንዱን ሁለት ያደርገዋል፣ ለሁላችንም ሁሉም ይደርሰናል ብዬ አስረዳሁ። ቢጠፋስ ብላ ጠየቀችኝ። ሳቅሁ። ኮምፒውተር የገባ ነገር አይጠፋም አልኩ። ያን ሳቄን ዛሬ ባገኘው አንገቱን ነበር የማንቀው።

ስካነር ተውሼ፣ በማዳበሪያ ጠቅልዬ፣ በሚኒባስ ዳንግላ ገባሁ። ፎቶዎቹ ከዕድሜ ብዛት መስታወቱ ላይ ተጣብቀዋል። እኔም አልነካካኋቸውም፤ የስካነሩን ክዳን አንስቼ ፍሬሙን እንዳለ በደረቱ እያስተኛሁ፣ ፎቶ በፎቶ እየለየሁ አነሳሁት። የሚገርመው አምሮ ወጣ። የአንማው ፎቶማ ቅንድቡ ሳይቀር ይቆጠራል። እናቴ ስክሪኑ ላይ አይታ መረቀችኝ። እዚህ ላይ ዘግቼው ብነሳ ኖሮ ዛሬ የተመረቀ ሰው ነበርኩ።

ግን ማደራጀቱ አለ። ሶፍትዌሩ በየፊቱ ላይ አራት ማዕዘን እያሰመረ "ይህ ማን ነው?" ይላል፣ በእንግሊዝኛ። በአማርኛ ስም ስጽፍለት ፊደሉን ባዶ ሳጥን ሳጥን እያደረገ ይመልስልኛል፤ በላቲን ጻፍኩ። የቤተሰብ ስም አምጣ አለኝ፤ የአባት ስም ሰጠሁት። እሱም በአባት ስም ሰብስቦ ቤተሰብ መሠረተ። አባቴና እናቴ የማይተዋወቁ ሰዎች ሆኑ። እናቴ በአባቷ በዓለሙ ምክንያት፣ በሠርግ ፎቶ ላይ ከሚታዩት፣ የሌላ ዓለሙ ልጅ ከሆኑት ከወፍጮ ቤቱ ባለቤት ጋር እህትና ወንድም ተባሉ። እናቴ ይህን ስነግራት፣ እሱስ እውነት ቢሆን ኖሮ ስንት ዓመት ወረፋ ባልጠበቅሁ አለች። ቀኑንም የወሰደው ስካን ካደረግሁበት ነው። በማሽኑ መዝገብ አባቴ ከሞተ በኋላ ባለፈው ሐሙስ አግብቷል።

የእታለም ሠርግ ላይ ሲደርስ የሙሽራዋን ፈረስ ፊት ከቦ ማን ነው ብሎ ጠየቀ። ልዘለው ስል እናቴ እጄን ያዘችኝ። "ለምን ይዘለላል? ቦራ ነው በለው። ካጎቶችህ ሁሉ የጠቀመን እሱ ነው" አለች። ጻፍኩ። ልጓሙን የያዘው አንማው ነበር፤ ፊቱ ግን በሙሽራዋ ጥላ ዘርፍ ተሸፍኖ የሚታየው ክንዱ ብቻ ነው። ማሽኑ ስለ ክንድ አይጠይቅም።

እናቴን ደግሞ ሦስት ቦታ ከፈላት። አንዷ ሹሩባ የተሠራች ሙሽራ፣ አንዷ ልጅ ያቀፈች ወይዘሮ፣ አንዷ ራሷን ተላጭታ ጥቁር የለበሰች፣ ከመርዶው በኋላ የተነሳችው። አንድ ሰው ናቸው ወይስ የተለያዩ ብሎ ጠየቀ። እየሳቅሁ ለእናቴ ተረጎምኩላት። ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብላ ብዙ አየች።

"ልክ ነው፤ ሦስት ነን" አለች። "ያችኛይቱን እኔም አላውቃት።"

ጣቷ ያረፈው በሙሽራዋ ላይ ነበር። እኔ ግን ሕግ አስከባሪ አይደለሁ? "አንድ ሰው" የሚለውን ተጭኜ ሦስቱንም በጉልበት አንድ አደረግኋቸው።

አሁን ወደ ኮቱ እንምጣ። ዳንግላ ውስጥ ጋሽ ደሴ የሚባሉ ፎቶ አንሺ ነበሩ። አንድ ኮት፣ አንድ ከረባት፣ አንድ የፕላስቲክ አበባና ፏፏቴ የተሳለበት አንድ መጋረጃ ነበራቸው። ኮት የሌለው ሁሉ በዚያ ኮት ይነሳል፤ ኮት ያለው ደግሞ ማን ነበር? አንማው ወደ ማሠልጠኛ ሊሄድ ሲል በዚያ ኮት ተነሳ። እኔ ከዓመታት በኋላ እሱን ባከልኩ ጊዜ በዚያው ኮት፣ በዚያው ወንበር፣ በዚያው አበባ አጠገብ ተነሳሁ። ሁለታችንም የአባታችንን ግንባር ወስደናል። ማሽኑ ሁለታችንን ጎን ለጎን አቅርቦ "አንድ ሰው ናቸው?" አለኝ። አይደሉም አልኩ። አጎቴን በኮቱ አመጣው፤ አይደለም አልኩ። የአክስቴን ባል በኮቱ አመጣው፤ አይደለም አልኩ። መብራት ሄደ። መብራት ሲመጣ ሁሉንም ረስቶ እንደ አዲስ ጠየቀኝ። ሦስት ቀን ሙሉ እንዲህ ስንከራከር፣ በሦስተኛው ቀን ከታች በኩል "ሁሉንም ተቀበል" የሚል ቁልፍ አየሁ። መሥሪያ ቤት ፋይል ሲከመርብን "ታይቷል" የሚል ማኅተም አለን፤ ሳናይ የምንመታው። ተጫንኩት።

ከዚያ ድፍረቱ መጣ። ቅጂው በእጄ ስላለ ዋናውን ናቅሁት። እታለም ወረቀቶቹንም እንካፈል ስትል፣ ከመስታወቱ ላላቅቃቸው ብዬ መስታወቱን እንዳለ በትልቅ ሳፋ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ዳር ዳር ያሉት ደህና ለቀቁ። መሐል ያሉት ግን ብዙ ዓመት ተጣብቀው የኖሩት ናቸው። ወረቀቱ በአንድ በኩል ሲነሳ፣ ሥዕሉ እንደ ወተት ስልባቦት ተገፎ ውኃው ላይ ተንሳፈፈ። በጣቴ ላነሳው ስሞክር ተበጣጠሰ። አንማው ነበር።

እታለም ሳፋው ላይ ቆማ አየችኝ። ምንም አይደለም፣ ቅጂው አለ፣ እንዲያውም ከዋናው ይበልጣል አልኳት። እናቴ ውኃውን ቦይ ውስጥ እንዳልደፋው ነገረችኝ፤ ራሷ ተሸክማ ሄዳ ከጌሾው ሥር ቀስ አድርጋ አፈሰሰችው። ያኔ እንኳ አልገባኝም።

እናቴን ይዤ እንጅባራ ተመለስኩ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሥራዬን ልጨርስ ተቀመጥኩ። ሶፍትዌሩ የተደጋገሙትን ላስወግድ፣ ከተመሳሳዮቹ ጥርት ያለውን ብቻ ላስቀር አለኝ። እሺ አልኩት። አንድ በአንድ ላሳይህ ሲለኝ አያስፈልግም አልኩት። ያስወገዳቸው ኮምፒውተሩ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ተከማችተው ሳይ ደግሞ ያ በሽታዬ ተነሳ፤ ቆሻሻ ማሳደር አልወድም፣ እሱንም ባዶ አደረግሁት። በቀረው ቦታ ላይ የመሥሪያ ቤት ሰነድ ሞላሁበት። የእታለምን ድርሻ በፍላሽ ገልብጬ አዘጋጀሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ንጹሕ ሆኜ አላውቅም።

እናቴን ላስደስታት ብዬ የአንማውን ፎቶ አስጎልቼ ላሠራላት ወሰንኩ። "አንማው" ብዬ ከሰየምኩት ፎልደር ውስጥ ባለኮቱን ፎቶ አውጥቼ ለማተሚያ ቤቱ ሰጠሁ። ትልቅ ሆኖ፣ በወርቅማ ፍሬም ተለብጦ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ መጣልኝ። ፍላሹን እንድትወስድ የጠራኋት እታለም እሑድ ከዳንግላ ደረሰች። እሷንና እናቴን አስቀምጬ፣ ፎቶውን ከነወረቀቱ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ፣ እንደ ሐውልት መራቂ ወረቀቱን ቀደድኩት።

እታለም አፏን ሸፈነች። እኔ ደስታ መስሎኝ ነበር። እናቴ ተነስታ፣ ዓይኗ ስለደከመ አፍንጫዋ መስታወቱን እስኪነካ ተጠጋች። እጇን አነሳች፤ ግን ሳትነካው መልሳ አወረደችው።

"ይሄ አንተ ነህ" አለች። "አንማው ካሜራ ፊት ፈርቶ አያውቅም።"

እኔ ልከራከራት ነበር፣ እመኑኝ። ፎልደሩ "አንማው" ይላል ልላት ነበር። ቀና ብዬ ሳይ ግን ኮቱ ውስጥ ያለው ልጅ እውነትም ፈርቷል። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሰሞን የነበረኝ ፍርሃት፣ ከነዓይኑ አጉልቶ ግድግዳዬ ላይ አፍጥጦብኛል። ማሽኑ እኔንና ወንድሜን አንድ አድርጎ፣ ከሁለታችን አንዱ ይበቃል ብሎ፣ ጥርት ያለውን አስቀርቷል። ጥርት ያልኩት እኔ ነኝ፤ ፎቶዬ ኋላ የተነሳ አይደል።

ላፕቶፑን ተሸክሜ ወደዚያ ባለሙያ ሮጥኩ። ብዙ ሞከረ። ቦታው ላይ ሌላ ነገር ስለተጻፈበት አይመለስም አለኝ። ከዚያ ቀለል አድርጎ፣ ዋናውን ደግመህ ስካን አድርገው አለኝ። ምን ልበለው? ጌሾ ጠጥቶታል ልበለው?

ቤት ስመለስ እታለም ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ ትታ ሄዳ ነበር። ከዚያ በሠርጉም በክርስትናውም ፎቶ ሁሉ እያጎላሁ አንማውን ፈለግሁት። ያለው ልጓም የያዘው ክንድ ነው። ከክንዱ በላይ የፈረሱ ፊት አለ፤ በአራት ማዕዘን ተከቦ፣ ከነስሙ። በቤታችን መዝገብ ቦራ በወጉ ተመዝግቧል።

ለእታለም ደውዬ፣ ጋሽ ደሴ ዘንድ ኔጋቲቩ ይኖር ይሆናል አልኳት። ዳንግላ መናኸሪያ ጠበቀችኝ። ሰላምታዬን ሳትመልስ ፊት ፊቴ ሄደች፤ ከተማውን ሙሉ ጀርባዋን እያየሁ ተከተልኳት። የጋሽ ደሴ ፎቶ ቤት በመንገድ ሥራ ከፈረሰ ቆይቷል። እሳቸው ቤታቸው በረንዳ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘናቸው። ያኔ ጣራው ሲያፈስ ኔጋቲቩ ሁሉ እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ጡብ ሆኖ እንደነበርና፣ ሲፈርስ ከፍርስራሹ ጋር እንደተጫነ ነገሩን። እታለም ግን አልተነሳችም። ወንድማችንን ያስታውሱት እንደሆነ ጠየቀቻቸው፤ ረዥም፣ ፈገግተኛ፣ ወደ ውትድርና የሄደ።

ጋሽ ደሴ ብዙ አሰቡ። "ፊቱ ብዙ ነበር ልጄ፤ ኮቱ ነው አንድ የነበረው" አሉ። ክፋት አልነበረባቸውም። ኮቱን ግን አሁንም አለኝ ብለው፣ ገብተው ከሣጥን አውጥተው አመጡት።

ቡናማ ነው። እታለም ተቀብላ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው፤ እጅጌውን በስንዝር ለካች። አንማውን አጥሮት ነበር፣ አንጓው ይታይ ነበር አለች፤ ለሳቸው ነው የነገረቻቸው እንጂ ለኔ አይደለም። ብብቱን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"አንተም ለብሰኸዋል" አለችኝ፤ ኮቱንም አጥፋ መለሰችላቸው።

እስከ ዛሬ የነገረችኝ የመጨረሻ ረዥም ዓረፍተ ነገር ያ ነው። በዓል ሲሆን እደውላለሁ፤ ታነሳለች፤ እናታችን ደህና መሆኗን ትጠይቃለች፤ ትዘጋለች። ያንን ፍላሽ አልወሰደችም። ሶፍትዌሩን ከላፕቶፑ ላይ አጠፋሁት። ሲጠፋ በእርግጥ ልታጠፋኝ ነው ወይ ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። ለራሱ ሲሆን ይጠይቃል።

ግድግዳው ላይ ያለውንም ፎቶ ላወርደው ስነሳ እናቴ ከለከለችኝ። ባዶውን ግድግዳ ሳይ ከምውል ይቆይ አለች። እንዲህ ሆኖ ተሰቅሎ ቀረ። ጠዋት ጠዋት ከሥሩ ቁጭ ብላ ትጸልያለች፤ ለማን እንደምትጸልይ ጠይቄያት አላውቅም።

ሊጠይቋት የሚመጡ የሰፈር እናቶች ይገባሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ቀና ይላሉ። ይሄ ሸጋ ልጅ ማን ነው ይሏታል። እናቴ ውሸት አትናገርም።

"ልጄ ነው" ትላለች።

ወታደር ልጇ በሰው አገር እንደቀረባት ሁሉም ያውቃሉ። ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ይወስዱና ነፍስ ይማር ይላሉ። እኔም እዚያው በሩ ጋ ቆሜ፣ አሜን እላለሁ።